ሄድሊ ራምቦልት የመረጣቸው ችንካሮች

ሄድሊ ራምቦልት ቸኩሎ የገዛው ዕቃ የለም። ቦት ጫማ ሊገዛ የሄደ እንደሆነ አንዱን እግሩን አጥልቆ ሱቁን ሲዞር ይውላል፤ መጥረቢያ ሲገዛ እጀታውን እንደ ትኩስ ዳቦ ያሸታል። ስለዚህ በዚያ ዓመት በረዶ ላይ ለሚነዳው ሞተሩ የብረት ችንካር ሊመርጥ ነው ሲባል፣ የሚስቱ ወንድም ኤቤን «ባሕሩ ሳይቀልጥ ከመረጠ ምን አለ በሉኝ» እያለ ወሬውን ከቤት ቤት አዞረው። ጉል ታክል ትንሽ መንደር ናት፤ ወሬ አዟሪ ሻዩ ሳይቀዘቅዝበት ዙሩን ጨርሶ ይመለሳል።

እስከዚያ ድረስ ሄድሊ ሞተሩ በሚሄድበት የጎማ ሰንሰለት ላይ ችንካር መትቶ አያውቅም። በአባቱ ዘመን፣ በእሱም ጉልምስና፣ የላብራዶር ባሕር ለገና በዓል ረግቶ ይደርሳል፤ ከላዩም በረዶ ይተኛበታል፤ የጎማው ሰንሰለት ጥርሶች ያንን በረዶ እየነከሱ ሞተሩን ይወስዱታል። የብረት ችንካር ሐይቅ ላይ የሚሽቀዳደሙ ጎረምሶች ጌጥ ነበር። «ጎማ መብሳት ጀልባ መብሳት ነው» ይል ነበር ሄድሊ። ጀልባ ያውቃላ። ኮድ ዓሣ ማጥመድ እስኪከለከል ድረስ ከአባቱ በወረሰው ጀልባ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሸርጣን ፋብሪካ ሠርቷል፣ ለመንደሩ ማገዶ ጎትቷል፣ የሰው ጣሪያ ጠግኗል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄደው እዚያው ወልደው ከበዱ። እሱና ሚስቱ ድሩሲላ ቀሩ።

ከዚያ ብርዱ ጠባዩን ለወጠ። በር ለመክፈት አካፋ በሚያስፈልግበት ወር ዝናብ ይዘንብ ጀመር። ዝናቡ በባሕሩ ላይ የተኛውን በረዶ አጥቦ ይወስደዋል፤ በማግሥቱ ቅዝቃዜው ይመለስና የቀረውን መስታወት ያደርገዋል። በዚያ ባዶ ግግር ላይ የሚሄድ ሞተር የጋለ መጥበሻ ላይ እንደ ወደቀ ሞራ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ የራሱ ምርጫ አይደለም።

ሴሲልን የበላው እንዲህ ያለ ግግር ነው። ሴሲል የሄድሊ ታላቅ ወንድም ነበር። ሁለቱ በየሞተራቸው ማገዶ ሊያመጡ ሲሄዱ፣ ውኃው ስለሚሮጥ ሳይረጋ ከሚቀርበት የባሕሩ ወሽመጥ አፍ አጠገብ ደረሱ። ሴሲል ከፊት ነበር። ጥቁሩን ውኃ ሲያይ ነዳጁን ለቀቀ፣ ፍሬኑን ጨመቀ። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሞተሩ ግን መሄዱን አልተወም። ወንድሙ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየው፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፣ ግራ መጋባት እንጂ። ሄድሊ የራሱን ሞተር ሆን ብሎ ገለበጠና በጎኑ ተንሸራቶ ቆመ። ገመድ ይዞ በሆዱ እየተሳበ ሲደርስ ውኃው ተከድኖ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ባዶ ግግር በሆነ ቁጥር ሄድሊ ሞተሩን አያስነሣም። ብረት ጥርስ ያለው ማሰሪያ ቦቱ ላይ አስሮ፣ ትንሽ ሸርተቴ እየጎተተ፣ ወደ ፖርት ኦስዊን በእግሩ ይሻገራል። ሲመለስ ቀኑ ይመሻል። በሁሉ ነገር የሚስቀው ኤቤን እንኳ በዚህ አልሳቀበትም።

ነገሩ የተለወጠው የድሩሲላ ልብ ምት መሳት ሲጀምር ነው። የጉል ታክል ጤና ጣቢያ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ነርስ ቪዮላ ያለችው ከባሕሩ ማዶ ፖርት ኦስዊን ነው። እሷም «በየወሩ ላያት ይገባል፤ መቅረት የለም» አለች። ድሩሲላ ደግሞ እንኳን ባሕር፣ የመንደሩን ዳገት ስትወጣ ሁለቴ ቆማ የምታርፍ ሆናለች።

«አስቤዋለሁ» አላት ሄድሊ አንድ ጠዋት። «ሸርተቴው ላይ አስቀምጬሽ እጎትትሻለሁ።»

«በእግርህ?»

«በእግሬ።»

«የድንች ጆንያ መሰልኩህ?»

«ድንች አያወራም።»

ድሩሲላ ዳቦዋን መቁረጧን ሳታቆም «ሄድሊ» አለችው። «ሴሲል ወንድምህ ነበር፤ እኔም አልቅሼለታለሁ። ግን አንተ ከባሕሩ ጋር ተኳርፈህ እኔ ቤት ውስጥ ልሞት አይደለም። ሂድና ችንካርህን ግዛ።»

በረዶ ትንሽ ጣል ባደረገበት ሳምንት ከኤቤን ጋር ወደ ፖርት ኦስዊን ተሻገሩ። ሎርን የሚባለው ሞተር ጠጋኝ መለዋወጫ የሚሸጠው ከጋራዡ ጥግ ነው። ሄድሊን ሲያይ ለሽማግሌ በሚገባ አክብሮት «አጎቴ ሄድሊ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» አለና ወንበሩን ለቀቀለት። የፈለጉትን ሲሰማ ግን ሣቁን ማፈን አቃተው።

«እርስዎ? ችንካር?»

«እኔ።»

«ምነው፣ ሊሽቀዳደሙ ነው?»

«ከእሱ ጋር» አለ ሄድሊ በአገጩ ወደ ኤቤን እያሳየ። «ግን እሱ በእግሩ ነው የሚሮጠው።»

ሎርን ሦስት ዓይነት ችንካር ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሦስቱም ብሎን ይመስላሉ፤ ራሳቸው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ጫፋቸው ላይ ድንጋይ የሚጭር ጠንካራ ብረት የተተከለባቸው። ልዩነታቸው ቁመታቸው ነው።

«ይሄ አጭሩ ከጎማው ጥርስ ብዙም አይዘልም» አለ ሎርን። «ጎማውን አይጎዳም። ግን ግግሩን አይነክሰውም፣ ይልሰዋል እንጂ። ይሄ ረጅሙ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ችግሩ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ጎማውን ይቀደዋል፤ ሰንሰለቱ ሲረግብ ደግሞ ከላይ ያለውን ራዲያተር ይፍቀዋል። ውኃው ፈሶ ባሕር መሃል ይቀራሉ።»

«ረጅሙን ውሰድ» አለ ኤቤን። «ጥርስ ከሆነ ጥርስ ነው።»

«አንተ ሁለት ጥርስ ቀርቶህ ስለ ጥርስ ታወራለህ?» አለው ሄድሊ።

ሄድሊ ችንካሮቹን አንድ በአንድ መዳፉ ላይ እየጫነ ጫፋቸውን ይሞክር ጀመር። መሃለኛውን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ረጅሙን አነሣ። መሪውን ሲያዞር ምን እንደሚሆን ጠየቀ። ሎርን እዚህ ላይ ቀልዱን ተወ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። የኋላው ሰንሰለት ብቻ ከነከሰ ፊትዎን ይገፋዎታል፤ መሪውን ቢያዞሩም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከፊት መንሸራተቻዎቹ ሥር ያለውን ስለት ብረት አብረው መቀየር አለብዎት። የኋላው ሲነክስ የፊቱም መንከስ አለበት።»

«ፍሬን ስይዝስ?»

«ፍሬን ሲይዙ ይቆማል።»

«ባዶ ግግር ላይ?»

«ባዶ ግግር ላይ፣ አጎቴ።»

ሄድሊ ይህን ደጋግሞ አስባለው። ውሎ ውሎ መሃለኛውን መረጠ፤ ከነሮንዴላው፣ ከነዳዶው፣ ከራዲያተር መከለያው፣ ከፊቱም ስለት ጋር። ኤቤን ከሎርን ምድጃ አጠገብ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። «መረጠ?» አለ ሲቀሰቅሱት። «ምን ወር ገባ?»

ሄድሊና ድሩሲላ ችንካሩን የመቱት ከቤታቸው ጀርባ የዓሣ መረብ በሚቀመጥበት ጎጆ ውስጥ ነው። እሷ የተገለበጠ የዓሣ ገንዳ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ተቀመጠች፤ ዳዶና ሮንዴላ እያቀበለች፣ በጠመኔ የሚበሳበትን ምልክት ታደርጋለች። አንዱ ችንካር በጫረበት መስመር ሌላው ከተከተለው የተጫረ ግግር ስለሚያገኝ አይነክስም፤ ስለዚህ ተራቸውን ማዛነፍ ያስፈልጋል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ስትገጣጥም የኖረች ሴት ናትና ዓይኗ አይስትም። «ያኛው ያኛውን ይከተላል» ትላለች። እሱ ያጠፋና ሌላ ቦታ ይበሳል። ጎማው በመሰርሰሪያው በተበሳ ቁጥር ሄድሊ ፊቱን ያጨማድዳል።

«ያምሃል?» አለችው።

«እሱን ያመዋል።»

«አይዞህ በለው።»

መጀመሪያ የሞከረው ከመንደሩ ጀርባ ካለው ኩሬ ላይ ነው። ኤቤን ዳር ቆሞ ያያል። ሄድሊ ነዳጅ ሰጠ፤ ሞተሩ ሳይንሸራተት እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሄደ። ከኩሬው መሃል ሲደርስ ትንፋሹን ያዘና ፍሬኑን ጨመቀ። ችንካሮቹ ግግሩን ጨብጠው ሞተሩን ባለበት ገተሩት፤ ሄድሊ በደረቱ መሪው ላይ ተደፋ። ከዚያ አልተነሣም። ኤቤን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሳይነሣ ሲቀር እየተንሸራተተ መጣ።

«ምነው? ተበላሸ?»

«የለም» አለ ሄድሊ። «ቆመ።»

ኤቤን ጎኑ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው።

በዚያ የብርድ ወራት ድሩሲላን ወደ ነርሷ ደጋግሞ ወሰዳት። ከሞተሩ ጀርባ ሳጥን ያለው የእንጨት ሸርተቴ አለ፤ ሞተሩ ሲቆም ወደ ፊት መጥቶ እንዳይገጨው በገመድ ፈንታ በብረት ዘንግ አስሮታል። እሷ በአጋዘን ቆዳና በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ ትቀመጣለች። ስትመለስ ከሎርን እናት ጋር ያወጉትን ሁሉ እየጮኸች ትነግረዋለች፤ እሱ በሞተሩ ድምፅ ምክንያት ግማሹን አይሰማም፣ «አይ!» እያለ ብቻ ይመልሳል። እነዚያ ቀኖች ደስ የሚሉ ነበሩ። ሄድሊ ከባሕሩ ጋር የታረቀ መሰለው።

ብርዱ ሊያልቅ አካባቢ አንድ ማለዳ ድሩሲላ ሊጥ እያቦካች ሳለ ቀኝ እጇ ሊጡ ውስጥ ሰጠመና ቀረ። ሄድሊ ዞሮ ሲያይ እጇን በግራ እጇ ልታወጣው ትታገላለች። «ምን ሆንሽ?» ሲላት የመለሰችው ቃል አልነበረም። ፊቷ በአንድ ጎን ወርዷል።

በመገናኛ ሬዲዮው ነርስ ቪዮላን ጠራ። ድምፅዋ ሲመጣ የረጋ ነበር። «ሄድሊ፣ ስትሮክ ይመስላል። የሆስፒታሉን አውሮፕላን እጠራለሁ። በእናንተ በኩል ምን ይታያል?»

«ምንም አይታይም። ጭጋግ ነው።»

«በእኛ በኩል ጠርቷል። እዚህ ያርፋል። ልታመጣት ትችላለህ? ደሟ የረጋበትን የሚከፍተው መድኃኒት ቶሎ ካልደረሰ አይሠራም። ቶሎ ማለቴ አሁን ነው።»

«እችላለሁ» አለ። እርግጠኛ ነበር። በዕድሜው እንደዚያ እርግጠኛ የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ኤቤን ሳይጠሩት መጣ፤ ሬዲዮውን የመንደሩ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። እህቱን አቅፎ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛት፤ እሱም ከኋላዋ ሸርተቴው ላይ ቆመ። ሌሊት ዘንቦ ነበር፤ ባሕሩ ባዶ ግግር ነው፣ ከላዩ ስስ ውኃ ተኝቶበታል፤ የከፋው ዓይነት። ሞተሩ ግን እንደ ደረቅ መንገድ ሄደበት። በጭጋጉ ውስጥ ሄድሊ የሚያየው የሞተሩን አፍንጫ ብቻ ነው፤ መንገዱን በነፋሱ አቅጣጫና በግግሩ ላይ ባሉ የቆዩ ስንጥቆች ያውቀዋል። መሪውን ሲያዞር ይዞራል። ነዳጅ ሲጨምር ይጨምራል። ሁሉም እንደ ታሰበው ነበር። ከኋላው የኤቤን ድምፅ ይሰማዋል፤ «ደረስን፣ ድሩ፣ ደረስን እኮ።»

ከማዶው ዳርቻ ሲቃረቡ ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ተገለጠ። ከፊታቸው ውኃ ነበር።

ሄድሊ ፍሬኑን ጨመቀ። ችንካሮቹ ነከሱ። ሸርተቴው በዘንጉ ላይ ወደ ጎን ትንሽ ዞረና እሱም ቆመ። ከግግሩ ጫፍ እስከ ሞተሩ አፍንጫ ያለው ቦታ አንድ ክፍል ቤት የሚያህል ነበር። ሌሊቱን ከየብስ የነፈሰው ነፋስ ግግሩን ከፖርት ኦስዊን ዳርቻ ገንጥሎ ወደ ባሕር ገፍቶታል። በመሃሉ ሰፊ ጥቁር ውኃ ተዘርግቷል፤ በላዩም የተሰባበረ በረዶ ይንሳፈፋል። ማዶ ቤቶቹ ይታያሉ። የሰው ጢስ ይታያል። እሱ እያየ አውሮፕላኑ ከቤቶቹ ጀርባ ዝቅ ብሎ አረፈ።

ኤቤን ወርዶ ከጎኑ ቆመ።

«በስተ ሰሜን ብንዞር?» አለ ኤቤን።

«እስከ ደሴቶቹ ድረስ ተከፍቷል። እየው።»

ሄድሊ በእጅ ሬዲዮው ቪዮላን ጠራ። ከማዶ ሰዎች ጀልባ እየጎተቱ ወደ ጫፉ ሲሮጡ ያያል፤ የአንዱን ቀይ ጃኬት ለይቶ ሎርን እንደሆነ ዐወቀ። ጀልባውን ገፍተው አስገቡት። ጥቂት እንደ ሄዱ የተፈጨው በረዶ የጀልባውን ሞተር አነቀው፤ በመቅዘፊያ እየገፉ ተመለሱ። እንደገና ሞከሩ። ትልቅ የበረዶ ሳንቃ መጥቶ ወደ ድንጋዩ ገፋቸው፤ በሕይወት መውጣታቸውም ተመስገን ነው። ሎርን እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ እነ ሄድሊ ቆመ። ምን እንደሚል አይሰማም።

ሄድሊ ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከ። ድሩሲላ ዓይኖቿ ክፍት ናቸው፤ ታውቀዋለች። በግራ እጇ እጅጌውን ያዘችና አንድ ነገር አለችው። አጭር ነገር ነው። አልገባውም።

«በረደሽ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም። መልሳ አለችው።

«ውኃ ልስጥሽ?»

አይደለም።

«ልጆቹን ነው? እንጠራቸዋለን። ቪዮላ ትደውልላቸዋለች።»

አይደለም። ያንኑ ነገር ደጋግማ ትለዋለች፤ ያው ድምፅ፣ ያው ርዝመት፣ በአፏ ውስጥ ግን ቅርፁ ይፈርሳል። ኤቤንም ጎንበስ አለ። «ራስሽን ነው የሚያምሽ? ትራሱ ነው?» ድሩሲላ በሁለቱም ተቆጣች። እጅጌውን ጎተተችው፣ ለቀቀችው፣ ፊቷን አዞረች። ሄድሊ አርባ ዓመት ሙሉ ይህች ሴት ከአንድ ጓዳ ወደ ሌላ ጓዳ ስታጉረመርም እንኳ ምን እንዳለች ያውቅ ነበር።

ከዚያ ግግሩ ከሥራቸው ጮኸ። ከጫፉ አንድ ቁራጭ ተሰብሮ ቀስ ብሎ ሄደ። ኤቤን «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» አለ፤ ሄድሊም ሞተሩን አስነሥቶ ዞረ። ችንካሮቹ ውኃ የተኛበትን ግግር ጨብጠው ያለ ምንም ችግር ከማዶው አራቋቸው። በጀርባው በኩል አውሮፕላኑ እንዳለ ያውቃል። በሬዲዮ ቪዮላ «ሄሊኮፕተር ጠርተናል፤ ግን ጭጋጉ ከእናንተ ላይ ካልተነሣ...» አለችና ቃሏን አልጨረሰችም።

እዚያው ባሕሩ ላይ ጠበቁ። ሄድሊ ከሚስቱ ጎን ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ተኛና አቀፋት፤ ኤቤን ከነፋሱ በኩል ቆሞ ከለላ ሆናቸው። ኤቤን ዝም ማለት ስለማይችል ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ እናታቸው ዶሮዎች፣ ስለ ምኑም ስለ ምኑም ያወራ ነበር። አንዳንዴ ድምፁ ይቆረጥና ያንኑ ወሬ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ሄድሊ የድሩሲላን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ይዞ ያሻሸዋል። በጣቶቿ መሃል የደረቀ ሊጥ ነበር። እሱን ይለቅም ጀመር፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላጣ።

ጭጋጉ የተነሣው ከቀትር በኋላ ነው። ሄሊኮፕተሩ ግግሩ ላይ አርፎ ወሰዳት። ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ነበርና ሄድሊ አብሯት ሄደ።

በሆስፒታሉ ዶክተሯ በትሕትና ነገረችው። ጊዜው አልፎ ነበር። ድሩሲላ አትሞትም፤ ልቧም በመድኃኒት ተስተካክሏል። ቀኝ እጇ ግን አይመለስም፤ ንግግሯም ምናልባት ትንሽ ይመጣ ይሆናል። «ማንም ከዚህ የተሻለ ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ እስከ ጫፉ አምጥተዋታል» አለችው። ሄድሊ አመሰገናት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ያንን አንድ አጭር ድምፅ በአፉ እያላመጠ፣ ቃል ሊያደርገው ሲሞክር ዋለ።

አሁን ፖርት ኦስዊን ውስጥ ለጤና ጣቢያው በሚቀርብ ትንሽ ቤት ይኖራሉ። የጉል ታክሉን ቤት ኤቤን ይጠብቀዋል፤ ሞተሩንም ወስዷል። ሞተሩን ሰው ሁሉ ያደንቀዋል፤ እንዲህ ያለ የሚቆም ሞተር የለም ይላሉ። በየመኸሩ ሎርን ሱቅ ችንካር ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች «አጎቴ ሄድሊን ጠይቁ» ተብለው ቤቱ ይመጣሉ። እሱም ሳይታክት ያስረዳቸዋል፤ አጭሩ ይልሳል፣ ረጅሙ ጎማ ይቀዳል፣ የፊቱን ስለት አትርሱ። የሚጠይቁትን ሁሉ ይመልሳል፤ ሲሄዱ በሩን ይዘጋል።

ከድሩሲላ ንግግር አንድ ቃል ተመልሷል፤ «እሺ» የሚለው። ለሁሉ ነገር ያንን ትላለች። ሻይ ይምጣ? እሺ። ልጆቹ ደውለዋል፣ ታናግሪያቸዋለሽ? እሺ። ያምሻል? እሺ። አያምሽም? እሺ። አንዳንዴ ሣቅ ብላ ትለዋለች፤ አንዳንዴ ዓይኗ እንባ እየሞላ። የግራ እጇን አይቶ ጥቂት ጥቂት መለየት ለምዷል፤ የማትፈልገውን ሳህን ትገፋለች፣ የምትፈልገውን ትስበዋለች። የማይሳበውና የማይገፋው ነገር ግን ብዙ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ዝናቡ መስኮቱን ይመታ ነበር። ባሕሩ ላይ የነበረው በረዶ ሁሉ ታጥቦ ግራጫው ግግር ወጥቷል። ድሩሲላ ወንበሯ ላይ ሆና ወደዚያ ታያለች።

«መጋረጃውን ልዝጋው?» አላት ሄድሊ።

«እሺ።»

ተነሥቶ ዘጋው። ፊቷ ከመጋረጃው ላይ አልተነሣም። እንደ ተሳሳተ ስለ ተሰማው መልሶ ከፈተው።

«እንዲህ ይሁን?»

«እሺ» አለች፤ ወደ እሱ ዞራ እያየችው።

ሄድሊ የመጋረጃውን ጫፍ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።